እርከኑ ሲጨምር፦ በዙሪክና በጄኔቫ የተፈተነ ኃላፊነት

ኃላፊነት ከፍ ባለ ቁጥር የሚለወጠው የሥራው ዓይነት ነው። በመጀመሪያው እርከን ላይ ያለ ሰው በገዛ እጁ ይሠራል፤ ቀጥሎ ሌሎች ሲሠሩ ይቆጣጠራል። ከዚያ በላይ ሲወጣ ተቆጣጣሪዎቹን ይመርጣል፣ ገንዘብ ያፈላልጋል፣ ሊያዛቸው ከማይችላቸው ሰዎች ጋር ይደራደራል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ትእዛዝ ይሳሳና አብዛኛው ሥራ ማሳመን ይሆናል። ብዙ ጎበዝ ባለሙያ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሲወጣ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ታች ሆኖ ያስመሰገነውን ሥራ ላይ ሆኖም ሊሠራ ይሞክራል፣ አዲሱ እርከን የሚጠይቀውን ግን ገና አልተማረም።

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት ይህ አወጣጥ በማዕረግ ይለካ ነበር፦ ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች፣ ራስ። ተሿሚው ካባ ደርቦ ሲወጣ «ሹመት ያዳብር!» እየተባለ ይመረቃል። በጄኔቫ ያሉት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሠራተኛውን በፊደልና በቁጥር ይደረድሩታል። በድርጅቱ ደንብ ለፒ-2 ደረጃ ቢያንስ የ2 ዓመት፣ ለፒ-3 የ5፣ ለፒ-4 የ7፣ ለፒ-5 የ10፣ ለዲ-1 የ15 ዓመት ልምድ ይጠየቃል። ሁለቱም መሰላሎች ዓመትና ማዕረግ ይቆጥራሉ፤ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ሲታለፍ ምን መማር፣ ምንስ መተው እንደሚገባ ግን አይናገሩም። ይህን ለማየት የሰዎችን ሕይወት መከተል ያስፈልጋል። ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር በተያያዘ መልኩ ዙሪክና ጄኔቫ ሦስት እንዲህ ያሉ ሕይወቶችን ያሳያሉ። አንዱ ከዙሪክ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ሁለቱ ከኢትዮጵያ ተነሥተው በጄኔቫ የዓለም መንግሥታት ፊት የቆሙ መሪዎች ናቸው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጫማ እስከ ምክር ቤት

አልፍሬድ ኢልግ በ1854 በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ምሕንድስና የተማሩት በዙሪክ የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ነው። በ1855 የተከፈተው ይህ ተቋም ዛሬ ኢ.ቲ.ኤች. ዙሪክ ይባላል፤ አልበርት አንስታይንም ኋላ የተማረበት ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አውሮፓዊ ባለሙያ ይፈልጉ ስለነበር ወጣቱ መሐንዲስ ሁለት የስዊስ የእጅ ባለሙያዎችን ይዞ ተነሣ፤ በ1879 አንኮበር ገባ። የአገሩ ሰው «ሙሴ ኢልግ» አላቸው።

ስለ እሳቸው የተጻፉ ታሪኮች እንደሚተርኩት ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዟቸው ጫማ እንዲሠሩ ነበር። ኢልግ «እኔ መሐንዲስ እንጂ ጫማ ሰፊ አይደለሁም» ለማለት ቢሞክሩም ትእዛዙ ትእዛዝ ነውና ሠርተው አቀረቡ። ቀጥሎ ጠመንጃ ታዘዙ። ከአውሮፓ ገዝቶ ማስመጣት እንደሚረክስ አስረዱ፤ ንጉሡ ግን አልሰሟቸውም። ኢልግ ጠመንጃውንም ሠሩ። የምኒልክ ፈተና ግልጽ ነበር፤ የሩቅ አገር ሰው የተማርኩ ነኝ ስላለ ብቻ አይታመንም፣ እጁ ይታይ። የመጀመሪያው እርከን ሕግ በየትም አገር ይኸው ነው። በገዛ እጁ ሠርቶ ያላሳየ ሰው የሌላውን ሥራ ልቆጣጠር ቢል ሰሚ አያገኝም።

ሁለተኛው እርከን በድልድይና በውኃ መጣ። በአዋሽ ላይ ድልድይ ሲሠራ የእንጨቱም የብረቱም ጭነት የሚመጣው በሰው ትከሻና በጋማ ከብት ነበር። መንኮራኩር በማያልፍበት አገር የመሐንዲሱ ዋና ሥራ ስሌት መሆኑ ቀረ፤ ሸክሙን በስንት ሰው ማንሣት እንደሚቻል፣ ዝናቡ ሳይገባ የትኛው መቅደም እንዳለበት፣ ከዚህ በፊት ድልድይ ሠርቶ ለማያውቅ ሠራተኛ ሥራውን እንዴት ማሳየት እንደሚገባ መወሰን ነበረባቸው። ቋንቋውን ተምረዋልና ከሠራተኛው ጋር የሚነጋገሩት ያለ አስተርጓሚ ነበር።

በ1890ዎቹ ከእንጦጦ ጋራ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውኃ በቧንቧ ሲያወርዱ ደግሞ ሌላ ፈተና ገጠማቸው። ቧንቧው ወደ ሸለቆው ወርዶ ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ጉብታ ተመልሶ መውጣት ነበረበት። «ውኃ ሽቅብ ወጣ ሲባል የት ተሰምቶ ያውቃል?» የሚል ጥርጣሬ በግቢው ሰው ዘንድ ነበር። ነገሩ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ምንጩ ከመድረሻው በላይ እስከሆነ ድረስ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ በራሱ ግፊት ተመልሶ ይወጣል። ይህን በቃል ብቻ ማስረዳት አይቻልም ነበር። ውኃው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ሲፈስ ግን የተከራከረውም ያልተከራከረውም አየ። በዚህ ጊዜ ኢልግ ለሚያስተዳድሩት ሠራተኛ ብቻ ተጠያቂ አልነበሩም፤ የንጉሡ እምነት ራሱ ከቧንቧው ጋር ተያይዞ ነበር።

ሦስተኛው እርከን የባቡር ሐዲዱ ነው። በ1894 ምኒልክ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ አገሪቱ መሐል የሚዘልቅ ባቡር እንዲሠራ ለኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሸፍኖ ጋር ኩባንያ አቋቋሙ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ ሥራው በ1897 ተጀመረ፣ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ርቀቱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ብልሃት ብቻውን አልበቃም። ባቡር ገንዘብ ይበላል፣ ገንዘቡ ደግሞ ባለቤት አለው። ኩባንያው ሲቸገር ወደ ፈረንሳይ መንግሥት ዞረ፤ በ1902 ከዚያ መንግሥት ጋር የተደረገው ውል ለፓሪስ በሐዲዱ ላይ ትልቅ ሥልጣን ሰጠ። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ በዓድዋ በደም የተከበረ ነፃነት በውል ወረቀት እንዲሸረሸር የሚተው ንጉሥ አልነበሩም። መሥመሩ ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

በዚህ የኢልግ ታሪክ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ስለ እሳቸው ብዙ ጊዜ የሚወራው ድልድዩና ውኃው ነው፤ ትልቁ ትምህርት ግን ያለው በባቡሩ ችግር ውስጥ ነው። ሰውየው በምሕንድስናው አልተሸነፉም። ያስቸገራቸው ሐዲዱን ከበላዩ የሚገፋው ነገር፣ ማለትም የባንክ ብድር፣ የቅኝ ገዢዎች ፉክክርና የውል አንቀጽ ነው። ዙሪክ ያስተማረቻቸው ሳይንስ እዚህ ላይ የሚሰጠው መልስ አልነበረም። አዲስ እርከን አዲስ ትምህርት ይጠይቃል፤ ትምህርቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከኪሳራ ነው።

በሌላ በኩል ግን ከዓድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች አዲስ አበባን ሲያጨናንቁ ምኒልክ በ1897 ኢልግን የመንግሥት አማካሪ አደረጓቸው። የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች በመጡበት በዚያ ዓመት በውጭ ጉዳይ ድርድር ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ቀኝ እጅ ነበሩ። በዚህ ጊዜ የራሳቸው የሚሉት ጦርም ሆነ ግዛት አልነበራቸውም። የነበራቸው የአውሮፓን ቋንቋና አሠራር ማወቃቸውና ንጉሡ የሚሰጧቸው ጆሮ ብቻ ነው። ያ ጆሮ እስካለ ድረስ ከብዙ ራሶች ይልቅ ይሰሙ ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ግን የሚቀራቸው ነገር አልነበረም። በ1907 ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ አማካሪው በግሉ ይሸከመው የነበረው ሥራ በአገር ልጆች ወደሚመሩ መሥሪያ ቤቶች መሻገር ጀመረ። ኢልግ በጥር 1916 በዙሪክ አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ሳያዩ ቀሩ። ከኢትዮጵያ ያሰባሰቧቸው ዕቃዎችና ፎቶግራፎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የኢትኖግራፊ ሙዚየም ይገኛሉ።

ዙሪክ ከታች ጀምሮ የመውጣትን ነገር እስከ ዛሬ ታከብራለች። በስዊዘርላንድ ከወጣቶቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከአስገዳጁ ትምህርት በኋላ ወደ ሙያ ሥልጠና ይገባሉ፤ በሳምንት ጥቂት ቀን በሥራ ቦታ፣ ጥቂት ቀን በትምህርት ቤት እያሳለፉ ሙያ ይለምዳሉ። ይህ መንገድ ጣሪያ የለውም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዙሪክ የሚገኘው የዩ.ቢ.ኤስ. ባንክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሰርጆ ኤርሞቲ ሥራ የጀመሩት በሉጋኖ ከተማ በአንድ ባንክ ውስጥ በሙያ ተለማማጅነት ነው። በመጋቢት 2023 ዩ.ቢ.ኤስ. በ1856 የተመሠረተውን ተፎካካሪውን ክሬዲ ስዊስን ከውድቀት አፋፍ ላይ ለመረከብ ሲስማማ ባንኩ ወደ ኃላፊነት የመለሰው እኚህኑ ሰው ነበር። በኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ እንደ ወደቀ ተማሪ በሚታይበት ልማድ ለኖረ አንባቢ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ከሐረር እስከ ጄኔቫ

ተፈሪ መኮንን የኃላፊነትን መሰላል የጀመሩት ገና በልጅነት ነው። በ13 ዓመታቸው ደጃዝማች ተባሉ። አባታቸው ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሰላሌን ተሾሙ፤ እሳቸው ግን በአፄ ምኒልክ ግቢ ነበሩና ግዛቱን በእንደራሴ ያስተዳድሩ ነበር። ከዚያ ባሶን፣ ቀጥሎም ሲዳሞን ተሾሙ፤ በ1902 ዓ.ም. አባታቸው ይገዙት የነበረውን ሐረርን አገኙ። ግቢው ለወጣቱ መስፍን ትምህርት ቤት ነበር፤ ማን ለማን እንደሚያደላ፣ ወሬ እንዴት እንደሚጓዝ፣ ዝምታ መቼ እንደሚያዋጣ የተማሩት እዚያ ነው። አገር ማስተዳደር የተማሩት ደግሞ በሲዳሞና በሐረር ነው፤ ግብር የሚሰበሰበው፣ ዳኝነት የሚሰጠው፣ ወታደር የሚቀለበው እዚያ ነበርና።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ተፈሪ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ከላይ ሲታይ ይህ ትልቅ ዝላይ ነው። ሥልጣኑ ግን ለሦስት የተከፈለ ነበር፤ ዘውዱ የንግሥት ዘውዲቱ ነው፣ ጦሩ በጦር ሚኒስትሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ እጅ ነው፣ የዕለት አስተዳደሩና የውጭ ጉዳዩ የአልጋ ወራሹ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ራሳቸው ከምርኮኛነት ተነሥተው እስከ ጦር ሚኒስትርነት የወጡ፣ በብልሃታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ተፈሪ ለአሥር ዓመት ያህል፣ ፊታውራሪ በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ፣ ያሰቡትን ሁሉ በትእዛዝ መፈጸም አይችሉም ነበር። ማግባባት፣ መጠበቅ፣ ማመዛዘን ነበረባቸው።

የጄኔቫው ጉዳይ የበሰለው በዚህ ጊዜ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጄኔቫ ሲቋቋም አልጋ ወራሹ ኢትዮጵያ አባል እንድትሆን ፈለጉ። በአገር ውስጥ ነገሩን የጠረጠሩት ብዙ ነበሩ፤ በጄኔቫም ቢሆን ባሪያ ፍንገላውና የጦር መሣሪያ ንግዱ እየተነሣ አንዳንድ መንግሥታት ተቃወሙ፤ ያመነቱት ውስጥ አስተናጋጇ ስዊዘርላንድም ነበረችበት። ደጃዝማች ናደው አባ ወሎ የመሩት የኢትዮጵያ ልዑክ ጥያቄውን ይዞ ቀረበ፤ ስለ ባርነትና ስለ መሣሪያ ግዴታ ከገባ በኋላ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አባል ሆነች። ዕለቱ የመስቀል በዓል ነበር፤ አልጋ ወራሽነታቸው ከታወጀ ልክ ሰባት ዓመት። በዚህ ውሳኔ ውስጥ አርቆ የማየት ችሎታ አለ፤ አገሪቱ በኃይል የማትችለውን በውልና በአባልነት ለመጠበቅ መሞከር ነበርና።

ውሉ ግን ፈተናውን አላለፈም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ተፈሪ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ንጉሠ ነገሥት፣ ከኢጣልያ ወረራ በኋላ አገራቸውን ለቀው በጄኔቫ ባቲማን ኤሌክቶራል ይባል በነበረው የስብሰባ አዳራሽ ንግግር ሊያደርጉ ወጡ። የጋዜጠኞች መብራት በአዳራሹ ይንቦገቦጋል። ገና ከመጀመራቸው በላይኛው ሰገነት ላይ የነበሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች ፉጨት ለቀቁባቸው። የሩማንያው ተወካይ ኒኮላይ ቲቱሌስኩ ተነሥተው ረባሾቹ ይውጡ ብለው ጮኹ፤ ጠባቂዎች አስወጧቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሳይናወጡ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ በአማርኛ ተናገሩ። ስለ መርዝ ጋዙና ስለ ተገባላቸው ቃል አነሡ፤ ትንንሽ መንግሥታት ወደፊት በምን ሊተማመኑ እንደሚችሉም ጠየቁ።

ጄኔቫ የሰጠቻቸው መልስ ግልጽ ነበር። በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ በሐምሌ ወር ተነሣ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆመው የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በአጠገባቸው የሚያዙት ጦር አልነበራቸውም፤ የቀራቸው መሣሪያ ቃላቸው ብቻ ነበር፤ በማኅበሩ ድምፅ አሰጣጥ ግን ተሸነፉ። ነገር ግን ያ ንግግር ለኋላው ዘመን ታላቅ ስንቅ ሆነ፤ ጦርነቱ ሲዞር ኢትዮጵያ ነፃነቷን የምታስመልስ አገር እንጂ የሚከፋፈሏት ግዛት አለመሆኗን ለመከራከር መሠረቱ ተጥሎ ነበር። አዳራሹ በ1964 በእሳት ወደመ፤ ዛሬ በቦታው የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ኡኒ ዱፉር የተባለው ሕንፃ ቆሟል።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ግን ሌላም ነገር መባል አለበት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእርከን ተምረው ቢያድጉም ከነፃነት በኋላ ባጸኑት ሥርዓት ሌሎችን በዚያው መንገድ ማሳደግ አልሆነላቸውም። ባለሥልጣን ሥራውን ሳይለምድ በሹም ሽር ይዛወራል፤ ትንሹም ትልቁም ጉዳይ ወደ ዙፋኑ ይመጣል። በዚህ የተነሣ ዘመኑ ሲጨላልም ኃላፊነቱን ተረክቦ ሊሸከም የሚችል፣ ከታች ጀምሮ የተፈተነ ሰው ጥቂት ሆኖ ተገኘ። መሪ መሆንን የተማረ ሰው ሁሉ መሪ ማፍራትን ተምሯል ማለት አይደለም።

ከወባ ጥናት እስከ 194 አገሮች

ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ገብረ ኢየሱስ በ1957 ዓ.ም. በአሥመራ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወንድማቸውን በበሽታ እንዳጡ ደጋግመው ተናግረዋል። በአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተምረው በ1986 ሲመረቁ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጀማሪ ባለሙያ ሆኑ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ለንደን፣ ሦስተኛውን በ2000 ከኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ አገኙ።

የዚህን ሰው መጀመሪያ ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በትግራይ ለመስኖ የሚሠሩ ትንንሽ ግድቦች በበዙበት ዘመን አንድ ጥያቄ ነበር፤ ውኃው ሰብል ያመጣል፣ ወባስ አያመጣም? ቴድሮስና ባልደረቦቻቸው በ1997 ከግድብ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ባሉ መንደሮችና ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ርቀው ባሉ ሌሎች መንደሮች የሚኖሩ፣ ከ10 ዓመት በታች የሆኑ 7,000 ያህል ሕፃናትን ተከታተሉ። ክትትሉ በዓመቱ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ30 ቀን የተካሄደ ነበር። ውጤቱ በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ታተመ፤ በ1,000 የሕፃናት ወራት ውስጥ ግድብ አጠገብ 14 ጊዜ፣ ርቆ 1.9 ጊዜ ወባ ተመዘገበ፤ ሰባት እጥፍ ማለት ነው። የጥናቱ ዋጋ ቁጥሩ ብቻ አልነበረም። ልማት ሲታቀድ ጤና አብሮ እንዲታቀድ የሚያስገድድ ማስረጃ ነበር፤ ማስረጃውን ያመጡት ሰው ግን ግድብ ሠሪ አልነበሩም፣ ማዘዝም አይችሉም ነበር።

ቀጣዮቹ እርከኖች በፍጥነት መጡ፦ ከ2001 የትግራይ ጤና ቢሮ ኃላፊ፣ ከ2003 ሚኒስትር ዴኤታ፣ ከጥቅምት 2005 የጤና ጥበቃ ሚኒስትር። ሚኒስትር ሲሆኑ ትልቁ ሥራ በ2003 የተጀመረውን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ወደ አገር ሁሉ ማድረስ ነበር። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመልምለው አንድ ዓመት ይሠለጥኑ ነበር፤ ሁለት ሁለት ሆነው በቀበሌው ጤና ኬላ ይመደቡ ነበር፤ ደመወዛቸውን መንግሥት ይከፍል ነበር፤ ከመጸዳጃ ቤት አሠራር እስከ ክትባት ያሉ 16 ዘርፎችን ቤት ለቤት ያስተምሩ ነበር። ከ30,000 በላይ ሠለጠኑ። በሐኪም ብዛት ብቻ ቢታሰብ ይህን ያህል ሕዝብ መድረስ አይሞከርም ነበር።

በዚህ ደረጃ ላይ ያለ መሪ የሚያስቸግረው ራሱ ሳያይ የሚሠሩለት ሰዎች ብዛት ነው፤ ከለጋሾችም ጋር ሌላ ትግል አለ። እያንዳንዱ ለጋሽ የራሱ ፕሮጀክት፣ የራሱ ሒሳብ፣ የራሱ ሪፖርት ይፈልጋል። ሚኒስቴሩ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚል መርሕ ይዞ ለጋሾቹን በአንድ ስምምነት ውስጥ ለማስገባት ጣረ፤ በ2008 የተፈረመው ውል በዓይነቱ ከመጀመሪያዎቹ ነበር።

ውጤቱ በሁለቱም በኩል መነገር አለበት። በ2005 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 123ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2011 ወደ 88 ወረደ። የእናቶች ሞት ግን በ100,000 ሕያው ወሊድ ከ673 ወደ 676 ሆነ፤ በጥናቱ የስሕተት ልክ ውስጥ ሲታይ አልተነቃነቀም ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክትባትና አጎበር በቀበሌ ደረጃ ይሠራሉ፣ በምጥ ላይ ያለችን እናት ለማዳን ግን አዋላጅ፣ ደም፣ አምቡላንስ፣ መንገድና ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በአንድ ሚኒስቴር እጅ አይደለም። ጥሩ መሪ የሚለየው ቁጥሩ ያልተነቃነቀበትን ቦታ ሳይደብቅ በማሳየቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሴቶች የልማት ቡድንና በአምቡላንስ ሥርጭት ላይ የተጨመረው ትኩረት የዚያ ውጤት ነው።

በኅዳር 2012 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ጊዜው ቀላል አልነበረም፤ በ2013 ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተባርረው ወደ አገር የተመለሱበት ወቅት ነበር፤ በ2015 ደግሞ የልማት ፋይናንስ ዓለም አቀፍ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ።

ግንቦት 15 ቀን 2009 ዓ.ም. በጄኔቫ ፓሌ ዴ ናሲዮን፣ የዓለም ጤና ጉባኤ በምስጢር ድምፅ ሰጠ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት አንድ ዕጩ ብቻ መርጦ የሚያቀርበው የሥራ አስፈጻሚ ቦርዱ ነበር፤ አባል አገሮች ሁሉ ከብዙ ዕጩዎች ሲመርጡ ያኔ የመጀመሪያቸው ነበር። ሦስት ዕጩዎች ነበሩ፤ ቴድሮስ አድኃኖም፣ እንግሊዛዊው ዴቪድ ናባሮና ፓኪስታናዊቷ ሳኒያ ኒሽታር። በሦስተኛው ዙር ቴድሮስ ከ185 ድምፅ 133ቱን አገኙ። የመጀመሪያው አፍሪካዊ ዋና ዳይሬክተር ሆኑ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የዓለም ጤና ሚኒስትር አይደለም። ስድስቱ የክፍለ ዓለም ዳይሬክተሮች በየአካባቢያቸው አገሮች የሚመረጡ ናቸው፤ እሳቸው አይሾሟቸውም። ከበጀቱ ውስጥ አባል አገሮች በግዴታ የሚያዋጡት ለብዙ ዓመታት ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም ነበር፤ የቀረው በአብዛኛው ለጋሹ ለፈለገው ሥራ ብቻ የሚውል ነበር። ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ አደጋ የማወጅ ሥልጣን ይሰጣቸዋል፤ አንድን አገር እንዲታዘዝ የማስገደድ ሥልጣን ግን አይሰጥም። የአንድ አገር ሚኒስትር ወረዳን ማዘዝ ይችላል፤ በተመረጡበት ጊዜ 194 አባል አገሮች የነበሩት ድርጅት መሪ ግን ማንንም አገር ማዘዝ አይችልም።

ስሕተትም መጣ። በጥቅምት 2017 የዚምባብዌን ፕሬዚዳንት ሮበርት ሙጋቤን የድርጅቱ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር አድርገው ሾሙ፤ ተቃውሞው ከየአቅጣጫው ሲነሣ በቀናት ውስጥ ሰረዙት። በአህጉር ፖለቲካ ውስጥ እንደ መልካም ወዳጅነት የሚታይ ነገር በዓለም ድርጅት ውስጥ ሌላ ፊት አለው። ከዚህ የከበደው በምሥራቅ ኮንጎ የተፈጸመው ነው። ከ2018 እስከ 2020 ኢቦላን ሊከላከሉ ከሄዱት ሠራተኞች መካከል በሴቶች ላይ ጾታዊ ጥቃት የፈጸሙ እንደነበሩ በ2021 ነፃ ኮሚሽን አረጋገጠ፤ ከተጠረጠሩት 83 ሰዎች ቢያንስ 21ዱ በድርጅቱ የተቀጠሩ ነበሩ። ዋና ዳይሬክተሩ ይቅርታ ጠየቁ። በዚያ ከፍታ ላይ ኃላፊነት ማለት ላላዩት ሰው ሥራ መጠየቅ ነው፤ ራስን «አላየሁም» ብሎ ማዳን አይቻልም።

ጥር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ መሆኑን አወጁ። ባለሙያዎቹ ከሳምንት በፊት ተሰብስበው አልተስማሙም ነበር። ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍና ሄለን ክላርክ የመሩት ነፃ ቡድን በ2021 ሪፖርቱ ማስጠንቀቂያው ቀደም ሊል ይችል እንደነበር ጠቆመ፤ ከታወጀም በኋላ ብዙ መንግሥታት ቀጣዩን ወር ሁሉ ቆመው እንደተመለከቱ አሳየ። አዋጁ በዋና ዳይሬክተሩ እጅ ነበር፤ ድንበር መዝጋቱ፣ መመርመሩ፣ ክትባት ማካፈሉ ግን አልነበረም።

የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ደግሞ የግልና የሥራ ፈተናውን አንድ ላይ አመጣው። የኢትዮጵያ መንግሥት ባለሥልጣናት ለአንድ ወገን ያደላሉ ሲሉ ከሰሷቸው፤ እሳቸውም ክሱን አልተቀበሉም። በጥር 2022 መንግሥት ድርጅቱ እንዲመረምራቸው ጠየቀ። ለሁለተኛ ዘመን ሲወዳደሩ ያቀረቧቸው ሌሎች አገሮች እንጂ የትውልድ አገራቸው አልነበረችም። የዓለም ድርጅት መሪ ስለ ተወለደበት ምድር መከራ መናገር ግዴታው ነው ወይስ ዝም ማለት? ጥያቄው ለማንኛውም ዓለም አቀፍ ባለሥልጣን ከባድ ነው፤ አንባቢው የቱን ወገን ቢይዝም አንድ ነገር ይታያል፤ ወንበሩ ሲሰፋ የግል ድምፅ ይጠባል፣ የተናገሩት ሁሉ በወንበሩ ይለካል። በግንቦት 2022 ከ160 ድምፅ 155 አግኝተው እንደገና ተመረጡ።

ሁለተኛው ዘመን የማሳመን ሥራ ውጤትና ልክ በአንድ ዓመት ውስጥ ታየበት። በግንቦት 2025 ሦስት ዓመት የፈጀው የወረርሽኝ ስምምነት በጉባኤው ጸደቀ፤ በኮሚቴ ደረጃ 124 አገሮች ሲደግፉት የተቃወመ አልነበረም፣ 11 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። በዚያው ዓመት በጥር ግን ትልቋ ለጋሽ አሜሪካ ከድርጅቱ እንደምትወጣ አስታውቃ ነበር። በጀቱ ለ2026 እና 2027 ወደ 4.2 ቢሊዮን ዶላር ተቆረጠ፤ የከፍተኛ አመራሩ ቡድን ከ14 ወደ 7፣ የመምሪያዎቹ ቁጥር ከ76 ወደ 34 ወረደ። በአቬኑ አፒያ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት፣ ስዊሳዊው ዣን ቹሚ የነደፉትና በ1966 የተመረቀው ሕንፃ፣ ዓመታት ያገለገሉ ሠራተኞች ተሰናብተውበታል። ይህንንም ውሳኔ የሚፈርመው ከላይ ያለው ሰው ነው።

በድርጅቱ ደንብ መሠረት ዋና ዳይሬክተር ከሁለት ዘመን በላይ ሊመረጥ አይችልም። የዶክተር ቴድሮስ ዘመን በነሐሴ 2027 ያበቃል፤ ተተኪውን የሚመርጠው በዚያው ዓመት ግንቦት በጄኔቫ የሚሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ ነው።